መሳቢያ ዐሥራ አራት

ሪብል የሚሉት ወንዝ ባሕር በሚገባበት፣
ጭቃና ሰማዩ አንድ ቀለም በሆኑበት፣
ኦስዊን ራምስቦተም፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣
ግንቡ ላይ ተቀምጧል፤ ፔርሙስ አለ ከፊቱ።
ከማዶ፣ ከሜዳው፣ መሬት ማጉረምረም ሲጀምር
ሻዩን ይከድናል፤ አሸዋ እንዳይገባው በግርግር።

ወጣ።
ሦስት ማዕዘን ገላ፣ ከአገጩ ሥር የተከፈተ አፍ፣
ከአንገቱ ግራና ቀኝ ጨቅላ የመሰለ ክንፍ፣
ደመናውን ቀዶ፣ ጩኸቱን ቀድሞ፣
ሄደ፣ እንደ ተቆጣ እንግዳ በሩን ደርግሞ።
ልጆች ጆሯቸውን ይዘው በደስታ ይጮኻሉ፣
አባቶች ስልካቸውን ወደ ላይ ያነጣጥራሉ።
ኦስዊን አንገቱን አላቀናም።
እሱ የሚቆጥረው ያለፈውን አይደለም፤
ያላለፉትን ነው።

መጀመሪያ ባለ ሁለት ጅራት ነበረ። ቀጥሎ ባለ አንድ።
ቀጥሎ ክንፉ ወደ ፊት የታጠፈ፣ ነፋስን በግንባር የሚንድ።
ቀጥሎ ትንፋሹን በጀርባው የሚስብ፣ እንደ ዓሣ ነባሪ፤
ቀጥሎ ባለ አንድ ሞተር፣ ቆጣቢ፣ ዕዳ ፈሪ።
ለእያንዳንዱ ቁጥር እንጂ ስም አልተሰጠም፤
ስም የሚወጣው ለሚያድግ ልጅ ነው፤ ይኸ አያድግም።

ኦስዊን፣ ቀለሙ እንዳይደማ ትንፋሹን ይዞ፣
ከብዕሩ ጫፍ ፀጉር የመሰለ መስመር መዝዞ፣
ጠርዙ ላይ ሲደርስ ብቻ ይተነፍሳል።
(ሚስቱ ማቪስ፣ “ተኝተህም ትንፋሽህ ይቆማል” ትለው ነበር።)
ክሌመንት ዳክዎርዝ፣ አናጢው፣ አውራ ጣቱ ግማሽ፣
ከማሆጋኒ ይጠርባታል፤ “ነይ እንግዲህ፣ ላሳምርሽ።”
በነፋሱ ዋሻ ውስጥ በሽቦ ተሰቀለች፤
ጭስ በክንፏ ሲሄድ፣ ለሦስት ደቂቃ፣ በረረች።

ከዚያ ስብሰባ።
የሙኒኩ ክብደቷን አነሣ፤ የቱሪኑ ዋጋዋን፤
የለንደኑ ሰዓቱን አየ፤ ማንም አላየ መልኳን።
ኦትማር የሚሉት ባለ መነጽር ብቻ፣ ጣቱን ክንፏ ላይ አሳርፎ፣
“ታሳዝናለች” አለ በራሱ ቋንቋ። ከዚያ እጁን አወጣ፣
ከሌሎቹ ጋር አሰልፎ።

መሳቢያ ዐሥራ አራት። ቁልፍ። አቧራ።

ዓመታት ሄዱና ትእዛዝ መጣ፦ አሮጌው ሁሉ ይቃጠል።
ፈራሚ ኦስዊን፣ ምስክር ክሌመንት። ቀን። ማኅተም።
ምድጃው አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤
ባለ ሁለት ጅራቱን፣ ዓሣ ነባሪውን፣ ዕዳ ፈሪውን
አንድ በአንድ አጎረሱት። አልጠገበም።
ወረቀቱ “ሁሉም” ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ።
ፊርማው ዋሸ።
አሥራ አንደኛዋን፣ ክንፏ ወደ ፊት የታጠፈውን፣
ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ ጠቅልሎ ወጣ።
ዘበኛው “ወፈርክ” አለው።
“ማቪስ እኮ ናት” አለ። ሳቁ። ላቡ እስከ ካልሲው ወረደ።

ማቪስ ምንነቷን አልጠየቀችም፤ ጠንካራ ፕላስቲክ አገኘች፤
ለሚያዝያ ውርጭ የቲማቲም ችግኟን ሸፈነችባት።
ፀሐይ ሲወጣ የክንፏ ጥላ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፤
“ምስጢር” የሚለው ማኅተም ተገልብጦ አፈሩ ላይ ይነበባል።
ሰባት በጋ እንዲህ። ከዚያ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ።
ከዚያ ማቪስ።

የዛሬው የት እንደሚሄድ፣ ምን ተሸክሞ እንደሆነ፣
ማን ራስ ላይ እንደሚያራግፈው ኦስዊን አያውቅም፤
ጋዜጣ መግዛት ትቷል።
ስለ አሥራ አንደኛዋ ግን መጽሐፍ ይዞ ይምላል፦
ቀንድ አውጣ እንኳ አልገደለችም።

ልጆቹ ወደ አይስክሬሙ ሮጡ። ዝይዎች ጭቃው ላይ ተመለሱ።
የመጣው ሄደ።
የቀረው ቀረ።
ሩቅ፣ ውኃና ሰማይ በሚለያዩበት ቀጭን መስመር ላይ፣
ነጥቡ ጠርዙን ሲነካ፣
ሽማግሌው ተነፈሰ።